ክፍሌ ኮርማ የመረጠ ዓመት

ባለፈው ዓርብ የእህቴ ልጅ ዳዊት ገና ከበር ሳይገባ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ዳዊት ልጅ እንዳይመስላችሁ፤ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭኑትን የሚያሠራ፣ ጸጉሩ መሸበት የጀመረ ጎልማሳ ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ነገር ለክፎታል። ከከተማ ወጣ ብሎ ግቢ ተከራይቶ ጊደሮች ገዝቶ አስገብቷል፤ የቀረው ኮርማ ብቻ ነው። «እትዬ፣ እስቲ እዪልኝ፤ የቱ ይሻላል?» እያለ ፎቶዎቹን በጣቱ ይገፋል። አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ዳልቻ፣ አንዱ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። በኛ ጊዜ ከብት የሚመረጠው ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ጫማን እበት ውስጥ ነክሮ ነበር፤ ዛሬ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሆኗል። «ጥቁሩን ተመልከችው!» አለኝ፤ «ጀርባው ላይ እኮ አልጋ ይዘረጋበታል!» እኔ ሳቅ አፈነኝ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ዳዊት ቅር ብሎት ስልኩን ኪሱ ከተተ። ምን ላድርግ? እንዲህ ያለውን ጀርባ አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለ ጀርባ አንድ ጊዜ ከዚህ አገር ሊያስነቅለኝ ነበር። ዳዊት እስኪያኮርፍ ድረስ ሳቅሁበትና አስቀምጬ ነገርኩት፤ እናንተም ስሙ።

ያኔ ባቡሩ እያለከለከም ቢሆን ከድሬዳዋ ጅቡቲ ይመጣ ነበር። ባለቤቴ ክፍሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፉርጎ ጠጋኝ ነበር። የድሬ ልጅ ነው፤ በሥራው ምክንያት መጥቶ እኔን አገኘና ቀረ። እኔ ግን እዚሁ ሰፈር፣ ካርቲየ 3 ተወልጄ፣ ካርቲየ 3 አድጌ፣ ካርቲየ 3 የተዳርኩ ነኝ። አባቴ ሐዲዱን ተከትሎ መጥቶ እዚሁ አፈር የለበሰ ሰው ነው። ያን ጊዜ ቤታችን የእንጨት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው፤ ግድግዳውን በየዓመቱ ሰማያዊ እንቀባዋለን፣ የባሕሩ ጨው በየዓመቱ ይልጠዋል። እኛ ሴቶቹ ከሶማሌዎቹ ጎረቤቶቻችን የተማርነውን ስስ ድርያ ለብሰን፣ ለቤተክርስቲያን ብቻ ነጠላ እናወጣለን። ወንዶቹ ከሥራ ሲመለሱ ሱሪያቸውን አውልቀው ሽርጥ ያገለድማሉ። ጠዋት የቀጠነ የፈረንሳይ ዳቦ በሃያ ፍራንክ ገዝተን፣ ለሁለት ቆርሰን፣ በሻይ ነክረን እንበላለን። አሁን ያ ዳቦ ስንት እንደገባ አትጠይቁኝ፤ በጾም ቀን መናደድ አልፈልግም። ሜኔሊክ አደባባይ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ የመናዊ ካሴት ሻጭ ነበር። ሶማሌ ሲያልፍ የሶማሌ፣ ዓረብ ሲያልፍ የዑድ ዘፈን ይከፍታል፤ እኛን ካየ ወዲያው ካሴቱን ይለውጥና አንጀት የሚበላ ትዝታ ይለቅብናል። ክፍሌ እዚያች ጥግ ላይ ሲደርስ እርምጃው ይቀየር ነበር። ዛሬ በቦታው ስልክ ይጠገናል።

ክፍሌ በፉርጎ ጠጋኝነቱ ደሞዝ አገኘ እንጂ ስም አላገኘም። ስሙን ያገኘው በቅርጫ ነው። የጅቡቲ አበሻ ለፋሲካም ሆነ ለገና በሬ ሲገዛ ያለ ክፍሌ አይነቃነቅም። ወደቡ አጠገብ ከብቶች መርከብ የሚጠብቁበት በረት ነበር፤ ወደ ዓረብ አገር የሚሻገሩ፣ ሲበሉ የከረሙ ሰንጋዎችና ኮርማዎች። የበዓሉ ሳምንት ክፍሌ ነጭ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ እጅጌውን እስከ ክንዱ ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ሰዎቹ እንደ ታቦት ይከተሉታል። ሲደርስ ዝም ይላል። ይዞራል። ከዚያ መዳፉን ከብቱ ጀርባ ላይ ያሳርፋል፤ ሽንጡን ጫን ያደርጋል፤ የጭራውን ሥር ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ፍሪምባውን ከሥር መዘን መዘን ያደርግና «ይሄ ነው» ይላል። አለቀ። ማንም «ለምን?» አይልም። የበዓል ለት መደቡ ተደልድሎ፣ የመጀመሪያዋ ቁራጭ ወደ አፍ ስትገባ ሁሉም ወደሱ ዞሮ «እጅህ ይባረክ!» ይለዋል። ያቺን ቃል ለመስማት ክፍሌ ዓመት ሙሉ ብረት ይቀጠቅጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ኋላ ባቡሩ እየደከመ መጣ። ዛሬ መጣ ሲሉት ነገ፣ ነገ ሲሉት በሳምንቱ። ክፍሌን «በቃህ፣ ዕረፍ» አሉት። ወንድሞቹ ከድሬ «ምን ትሠራለህ እዚያ ምድጃ ላይ? ና ግባ» ብለው ላኩበት። እሱም ልቡ ተነሳ። ድሬ ለኔ ሰርግ የሚኬድበት፣ ማንጎ ተገዝቶ የሚመጣበት አገር ነው እንጂ ቤቴ አይደለም። ሙቀቱንም ቢሆን ለምጄዋለሁ፤ ኻምሲን የሚባለው የክረምት ነፋስ አሸዋውን ፊቴ ላይ ሲረጨው እንኳ «መጣህ ደግሞ?» ብዬ የማወራው የቤት ሰው ነው። ስለዚህ አሰብኩና «ላም እናርባ» አልኩት። ያኔ ሜኔሊክ አደባባይ ያሉት ሻይ ቤቶች የሚያፈሉት የቆርቆሮ ዱቄት ወተት ነበር፤ ትኩስ ወተት ያላት ከከተማው ዳር አምቡሊ ያለችው ኸዲጃ ብቻ ናት፣ እሷም ለሁሉ አትደርስም። ጥሪታችንን አውጥተን አምቡሊ፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር፣ የተምር ዛፎች ሥር አንድ ግቢ ያዝን፤ አራት ጊደሮችም ገዛን። ክፍሌ ግን ሰው ነውና ቃል አስገባኝ። «ዘነቡ፣ እስከሚመጣው ፋሲካ ከአራቱ አንዷ እንኳ ካረገዘች እንኖራለን። ካላረገዘች ዕቃችንን ጠቅልለን ድሬ እንገባለን። አታለቃቅሽብኝም።» እጄን ሰጠሁት። ምን አማራጭ ነበረኝ?

ጊደር ያለ ኮርማ አይወልድም መቼም። «ሂድና ኸዲጃን አማክራት፤ ስንት ዓመት ላም ያረባች ሴት ናት» አልኩት። ክፍሌ የሳቀውን ሳቅ ብታዩት! «እኔ ክፍሌ? ከብት ለመምረጥ ሰው ላማክር?» አለ። ነጭ ሸሚዙን አስተኮሰ። ከቅርጫ ባልንጀሮቹ ሁለቱን አስከትሎ ያን በረት ሄደ። ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር በተዘረጋበት ሰዓት፣ አንድ ነገር ይዘው መጡ። ኧረ በስመአብ! ጥቁር፣ ቆዳው ዘይት የተቀባ የሚመስል፣ ሻኛው ወደ አንድ ጎን የዘመመ፣ አንገቱ ሥር የተንጠለጠለው ቆዳ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው። ሲራመድ አይቸኩልም። የፈረንጅ መኮንን ይመስል ሆዱን አስቀድሞ ነው የገባው፤ በር ላይ ሻይ የሚሸጠው ሰውዬ ብድግ ብሎ በእጁ ሰላምታ ሰጠና «ኮማንዳን!» አለው። ስሙ በዚያው ጸና። የካርቲየ 3 አበሻ ሁሉ ሊያየው ጎረፈ። እኔም ልደብቃችሁ አልችልም፣ ኮራሁ። ክፍሌ መዳፉን ጀርባው ላይ አሳርፎ «ዘነቡ፣ ይሄ ኮርማ ጥጃ ሲሰጠን ጥጃዎቹ እንደ አባታቸው በር አይበቃቸውም» አለኝ።

በር የሚያስጠብብ ጥጃስ ይቅርና ጥጃ የሚባል ነገር ራሱ ጠፋ። ከጊደሮቹ መጀመሪያ ኮርማ የፈለገችው ቡሬዋ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ፣ ስትቅበጠበጥ ዋለች። ኮማንዳን ተነስቶ ቀረብ አለ። አሸተታት። ላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ሰማዩን እያየ ብዙ አሰበ። እኛ ትንፋሻችንን ይዘን ቆመናል። ከዚያ ዞረና የተምሩ ጥላ ወዳለበት ሄዶ ተኛ! ክፍሌ «አዲስ ቦታ ነው፣ ይለምዳል» አለ። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ እንደ ምንም ብሎ ወጣባት፤ ያቺ የምታሳዝን ትንሽ ጊደር ጉልበቷ ከዳትና ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። እሷ ሳምንት ሙሉ አነከሰች፣ እሱ ከወደቀበት ሳይነሳ ማመንዠክ ጀመረ። ክፍሌ «ሙቀቱ ነው፤ ነፋሱ ይብረድ» አለ። ነፋሱ በረደ። ኮማንዳን በላ፤ የሐብሐብ ልጣጭ በላ፣ በባቡር የመጣ የማሽላ አገዳ በላ፣ አንድ ቀን የኔን ማጠቢያ ሳሙና ከነካርቶኑ በላ። ወፈረ እንጂ አልሠራም። ክፍሌ መንገድ ሲያልፍ ባልንጀሮቹ «ክፍሌ፣ ላም አለኝ በሰማይ እንዴት ሆነች?» ይሉት ጀመር። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ቤት ሲገባ ግን አይስቅም።

እኔ በሆዴ ከተማውን መሰናበት ጀምሬ ነበር። ገበያ ስሄድ አውቄ ዙሪያውን እዞራለሁ። በረንዳቸው ቅስት ቅስት የሆኑትን የድሮ ቤቶች ጥላ ተከትዬ፣ ሳምቡሳ የሚጠብሱትን ሴቶች ሰላም ብዬ፣ ካሴት ሻጩ ጋ ቆሜ፣ ምንም ሳልገዛ እመለሳለሁ። ምን እንደነካኝ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ቢጠይቁኝ አለቅስ ነበር። ያኔ የረገጥኳቸውን ድንጋዮች ዛሬም በዱላዬ እየነካሁ አልፋቸዋለሁ። አንዳንዱ ቤት ፈርሶ መስታወት በመስታወት ሆኗል፤ ሳምቡሳው ግን አሁንም ያው ነው፣ እንዲያውም ቃሪያው በዝቷል።

ገና ሲቀርብ የቅርጫ ሰዎች ግቢያችን ማዘውተር ጀመሩ። ሰላም ሊሉን ነው የሚመጡት፣ ዓይናቸው ግን ኮማንዳን ላይ ነው። አንዱ እንዲያውም ምራቁን ሲውጥ አይቼዋለሁ። እነሱ የሄዱ ለት፣ ክፍሌ የአገዳ ነዶ እየፈታ ሳለ፣ አላስቻለኝም። «ክፍሌ» አልኩት፣ «አንተ የገዛኸው ኮርማ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ቅርጫ ነው።»

ነዶው ከእጁ ወደቀ። እኔም ቶሎ ቶሎ ቀጠልኩ፣ ምክንያቱም ከቆምኩ መጨረስ አልችልም። «ጀርባውን ነካህ፣ ሽንጡን ነካህ፣ ፍሪምባውን መዘንክ። እናቱ ምን ያህል ትታለብ ነበር ብለህ ጠይቀሃል? ጉልበት አለው ወይ ብለህ አስሮጠኸዋል? ወተት ልንሸጥ ኮርማ ግዛ ስትባል ጥብስ ገዝተህ መጣህ!» አይ አፌ! ክፍሌ ያን ማታም በማግስቱም አልተናገረኝም። እኔም ኮራሁና አላባበልኩትም፤ እየበላን ማንኪያና ሳህን ብቻ ነው የሚያወራው። በሦስተኛው ቀን ሸሚዙን ለብሶ ወጣና ሲመለስ «ለገና ይውሰዱት፤ ነግሬያቸዋለሁ» አለኝ፤ ፊቱን አዙሮ።

እንደ ኮማንዳን ያለ ስጋ ጅቡቲ ውስጥ ተበልቶ አያውቅም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የበሉት ሁሉ እስከ ዛሬ ያነሱታል። ቅቤ ነው። ጥርስ አይፈልግም። ሰዉ ዓይኑን እየጨፈነ «እጅህ ይባረክ ክፍሌ! እንዲህ ያለ መርጠህ አታውቅም!» ይለዋል። አንድ ሽማግሌ ተነስተው መረቁት። በእያንዳንዱ ምስጋና ክፍሌ ትንሽ ትንሽ ሲያጥር ታየኝ። አንዲት ቁራጭ አፉ ውስጥ አስገብቶ ብዙ አቆያት፤ ቅቤ የሆነ ስጋ አልዋጥለት አለ። ባሌ ይሳሳት እንጂ እንዲህ ሲዋረድ ማየት አልችልም። በማግስቱ ሳልነግረው ወደ ኸዲጃ ሄድኩ።

ኸዲጃ ሶማሌ ናት፤ ግን የድሬዳዋ ልጅ ስለሆነች አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። ትልቅ ሴት፣ ባለ ወርቅ ጥርስ፣ ባሏን ቀብራ ላሞቿን ይዛ የቀረች። ወተት ከሷ መግዛት የጀመርኩት ልጄ ጡት ስትጥል ነው። ግቢዋ ውስጥ አንድ ወይፈን ነበራት። ቀጭን ነው። ጎድኑ ይቆጠራል፣ አንድ ቀንዱ ወደ ታች ዞሯል፣ ቆዳው የአቧራ መልክ አለው። ግን ሲራመድ እግሩ አይጎተትም፤ በዚያ ቀትር እንኳ ጥላ አይፈልግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቱን አውቃታለሁ። የጠጣሁት የሷን ወተት ነው። ሌሎቹ ላሞች በኻምሲን ሲነጥፉ እሷ አትነጥፍም፤ ወተቷን ስታፈሉት ከላይ የሚጋገረው እንደ ጨርቅ በጣት ይነሳል። በጾም እንኳ ሳልቀምስ፣ ብርጭቆው ላይ ሲንጠለጠል አይቼ የሷ መሆኑን እለየዋለሁ። ክፍሌ ስጋ በመዳፉ እንደሚያውቅ እኔም ወተት በዓይኔ አውቃለሁ።

«ኸዲጃ፣ ይሄን ወይፈን ሽጪልኝ» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። «አቦ፣ አንቺ ሴትዮ ደህና ነሽ? ትላንት የራሳችሁን ኮርማ በልታችሁ ዛሬ የኔን ልትጨምሩ? ወላሂ አልሰጥም!»

«ለመብል አይደለም፣ ማርያምን!»

«እናንተን አላውቃችሁም? በዓል ሲመጣ ባልሽ ሸሚዙን ለብሶ ይመጣል። እጁን ከብት ጀርባ ላይ ያሳርፋል። በሳምንቱ ከብቱ የለም። ያ እጅ እዚህ ግቢ አይገባም።»

ከዚያ እንደ ሶማሌ ደንብ ዘር ትቆጥርልኝ ጀመር። ሰው የአባቶቹን ስም ወደ ላይ እንደሚቆጥር እሷ የወይፈኑን እናቶች ትቆጥራለች። ይቺ እናቱ ናት፣ ይቺ የእናቱ እናት፣ ይቺ ደግሞ የሷ እናት፤ ስማቸውን በሶማልኛ እየጠራች፣ የቷ ድርቅ እንደቻለች፣ የቷ በየዓመቱ እንደወለደች፣ የቷ ሰርቀዋት በራሷ እግር ወደ ቤቷ እንደተመለሰች። «ይሄን ሁሉ ልትበሉ ነው?» አለችኝ። እኔም ያን ጊዜ ኩራቴን ጣልኩት። ቁጭ አልኩና ሁሉን ነገርኳት፤ የክፍሌን ነገር፣ የፋሲካውን ቃል፣ አንዷ እንኳ ካላረገዘች ካርቲየ 3ን ለቅቄ እንደምሄድ። ኸዲጃ በመጨረሻ ጋርባሳር ሻርፗን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች «ወይፈኑ ከዚህ አይወጣም» አለች። «ጊደሮችሽን አምጪ። ባልሽም ይምጣ፤ ግን ሊያይ አይደለም፣ ሊያበላ ነው። በየቀኑ ወይፈኔን በራሱ እጅ ያብላ። አብልቶ የከረመ እጅ አያርድም።»

ለክፍሌ ይህን እንዴት እንደነገርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሲሄድ ሸሚዙን አልለበሰም፤ ቱታውን ነው የለበሰው። ወይፈኑን አየው አየውና ወደኔ ዞሮ በሹክሹክታ «ዘነቡ፣ ይሄ ኮርማ ነው ወይስ ብስክሌት?» አለኝ። ከተኳረፍን ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዱ ስለነበረ ሳልወድ ሳቅሁ። «ብስክሌትም ቢሆን ይሄዳል» አልኩት። እሱም ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሣር ተሸክሞ ይሄዳል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ያን ቀንደ ጎባጣ በእጁ ያጎርሰዋል። ወይፈኑ ግን ሥራውን የሚያውቅ ጌታ ነው። ኮማንዳን ስንት ወር ሲያስብበት የከረመውን እሱ ሳያስብ ፈጸመው። ከሳምንታት በኋላ አራቱም በወይፈኑ ተጠቅተው ነበር፤ ኸዲጃ በሩ ላይ ቆማ እልል ብላለች።

ከዚያ ግን መጠበቅ አለ። ጊደር ካልያዘላት ሦስት ሳምንት ቆይታ ተመልሳ ትጮሃለች፤ ከያዘላት ዝም ትላለች። እኛም ዝምታ እንጠብቃለን። ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ሹሮና ዓሣ እየበላን፣ ዓሣው ይፈቀዳል አይፈቀድም እያልን እየተከራከርን፣ ጆሯችን አምቡሊ ነው። አንዷ ተመልሳ ጮኸች። ሌላዋም ጮኸች። ክፍሌ ከአልጋ ሥር ሻንጣውን አውጥቶ አቧራውን ሲያራግፍ አየሁት፤ እኔም አላለቃቀስኩበትም፣ ቃሌ ቃል ነው። ቡሬዋና አንዷ ቀይ ግን ዝም እንዳሉ ቆዩ። አሁንም ዝም። ሆሳዕና ሲደርስ ኸዲጃ ቡሬዋን ጎኗን ዳሰሰች፣ ከኋላ አየቻት፣ ጡቷን ነካ አደረገች። «እርጉዝ ናት» አለች። «ቀይዋም።» ክፍሌ የያዘውን ባልዲ አስቀመጠ። ወጣ ብሎ ከተምሩ ዛፍ ኋላ ቆመ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ «አቧራው!» አለ፣ ነፋስ ሳይኖር። ቤት ስንገባ ሻንጣውን ወደ አልጋው ሥር በእግሩ ገፋው። እኔ ኩሽና ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ደስታዬን አለቀስኩት።

ፋሲካ ሲደርስ የቅርጫ ሰዎች እንደ ልማዳቸው መጡ። በሩ ላይ ቆመው «ክፍሌ፣ ተነስ እንጂ፤ በረቱ ይጠብቃል» አሉት። ክፍሌ ሽርጡን እንዳገለደመ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ «ዘንድሮ ዘነቡ ትምረጥላችሁ» አለ።

እንዴ! ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በኛ ዘንድ ሴት የቅርጫ በሬ መርጣ አታውቅም፤ በረት ደጃፍም አትደርስ። አንዱ «ትቀልዳለህ?» አለው። ክፍሌ «ከብት ከኔ የበለጠ የምታውቀው እሷ ናት። ካልፈለጋችሁ ዓሣ ብሉ» አላቸው። እኔ ደግሞ ልቤ በአንዴ አበጠ። እምቢ ማለት ሲገባኝ ነጠላዬን ለበስኩና ወጣሁ። በረቱ ውስጥ ሞንዳላ ሞንዳላው ሁሉ ተሰልፎ ቆሞ፣ እኔ ዓይኔ የሚፈልገው ሌላ ነው። እግሩ ቀልጠፍ ያለ፣ ዓይኑ የነቃ፣ ቆዳው ስስ፣ እናቱ ሳትታለብ አትቀርም የሚባል። ክፍሌ እጁን ከኋላው አጣምሮ ይከተለኛል። አንድ ጊዜ ዞሬ አየሁት፤ እሱ መርከቦቹን ያያል። ጣቴን ወደ አንዱ ቀሰርኩና «ይሄ ነው» አልኩ። አንድ ሰው ሳለ።

ሁለት ወር ሙሉ ጾመን፣ ሌሊቱን ቤተክርስቲያን ቆመን፣ ያን ስጋ ቀረብነው። አምላኬ! ጫማ ነው። ገመድ ነው። ጥሬው አይቆረጥ፣ ጥብሱ አይታኘክ፤ ቤቱ ሙሉ ሰው አፉን እያንቀሳቀሰ አንድ ቃል የሚናገር የለም። አንዲት ሴት ደብቃ ከአፏ አውጥታ ለድመት ስትሰጥ አየኋት፤ ድመቷም አሽታ ትታው ሄደች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የፋሲካን ያህል በዓል፣ የስንት ቤት ፍስክ፣ አበላሸሁት። ዓይኔን ከሳህኔ ማንሳት አቃተኝ።

ያኔ ክፍሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስጋ ማለት እንዲህ ነው!» አለ፣ ቤቱ እስኪሰማ። «የሚታኘክ! እስከ ዛሬ ገንፎ ነበር የምናበላችሁ። ዘነቡ፣ እጅሽ ይባረክ!» ሳህኑን አቀበለኝና «ጨምሪልኝ» አለኝ። ጨመርኩለት። እያየሁት፣ መንጋጋው እየተንቋቋ፣ ላብ በግንባሩ እየወረደ፣ አንዲት ቁራጭ ሳያስቀር በላው። ሰዉም አፍሮ ይሁን አፍቅሮ እንጃ፣ አንድ በአንድ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። የሚቀጥለው ገና ሳይደርስ ቡሬዋ ወለደች፣ ቀይዋ ተከተለች፤ ወተታችን ሜኔሊክ አደባባይ ብርጭቆ ውስጥ ገባ፤ እነሆ እስከ ዛሬ ካርቲየ 3 አለሁ። ክፍሌ በፋሲካው ማግስት ጉንጩ አብጦ ሐኪም ዘንድ ሄዶ መንጋጋ ጥርሱን አስነቀለ። ብርድ ነው አለኝ፤ በዚያ ሙቀት። እስከ ሞተበት ቀን ድረስም ብርድ ነው እንዳለ ቀረ።